ከሹራቧ የተቆረጠው

የደሴው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ደግ ነው። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ቤት ሲቃጠል ባልዲ ይዞ የሚሮጥ፣ ሰው ሲሞት ከዘመድ ቀድሞ የሚደርስ፣ በጦርነቱ ጊዜ ያለችውን ቆሎ ተካፍሎ የቆረጠመ ሰፈር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ስቆ አብሮ ሲያለቅስ የኖረ ነው። ስለዚህ በአግማስ ቤት ላይ የሆነውን ለእንግዳ ሰው ስናገር አያምነኝም። አጥር የምንጋራ ጎረቤታሞች ስለሆንን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ሚስቱ ያለምወርቅ ነግራኛለች።

አግማስ በያጅ ነው። ኮምቦልቻ ከጓደኛው ከጀሚል ጋር በሽርክና የብረት ሥራ ቤት ከፍተው በር፣ መስኮትና የመኪና ስፖንዳ ይሠራሉ። ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳል፣ ማታ ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። የዕድራችንን ድንኳን ቋሚና ወራጅ በነፃ የበየደልን እሱ ነው። ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፣ ሲሄድ ደግሞ መሬት መሬት እያየ። እኛም "አንገቱን የደፋ ጨዋ" እያልን ለልጆቻችን ምሳሌ እናደርገው ነበር። ሰው አንገቱን ሲደፋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ በአገራችን የለም፤ ማመስገን ብቻ ነው።

ለምን እንደሚያቀረቅር ያወቅነው ኋላ ነው። አባቱ ኪዳኑ ገጠር ወናፍ እያናፋ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ሰው ነበር። አገሩ በሙሉ በኪዳኑ ማረሻ ያርሳል፤ ኪዳኑን ግን ጠይብ ይለዋል፣ ቡዳ ነው ይለዋል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላል። ማረሻ ሊያሾል የመጣ ገበሬ ከደጅ ቆሞ ያቀብላል እንጂ ጉሮሮው ቢደርቅ እንኳ ከቤታቸው ውሃ አይጠጣም። ሰርግ ከተጠሩም ከዳሱ ጥግ ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት። የአግማስ እናት ታዲያ ሰው ሲበላ ካየች ልጆቿን ይዛ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ታዞራቸው ነበር። ላም ስትታለብ አለማየት፣ ያማረ ማሳ ሲያልፉ ማቀርቀር፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ስትመጣ መንገድ መልቀቅ። ሌላው ልጅ ፊደል ሲቆጥር እነሱ ይህን አጠኑ።

ደሴ መጥቶ ብየዳ ሲማር ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠለት። ከተማ ውስጥ ብረት የሚሠራ ሰው ባለሙያ ነው። ያንኑ የአባቱን እሳትና ብረት ይዞ "ጌታው" ተባለ። ያለምወርቅንም ያገባት በዚያው ጊዜ ነው። እሷም የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ የጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሁለቱም የትውልዳቸውን ነገር አፈር አልብሰው፣ ማንም ከማያውቃቸው ሰፈር ቤት ተከራይተው አንዲት ልጅ ወለዱ። ነፃነት ብሎ ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ከምን ነፃ እንደወጣች ግን አልነገራትም።

አለመንገሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የእናቱን ትምህርት እንዳለ አወረሳት። ሰው ሲበላ አትዪ፣ ሕፃን ካየሽ ቶሎ ብለሽ ማርያም ትጠብቀው በዪ፣ ካልሆነ ፊትሽን መልሺ ይላታል። ልጅቷ ለምን ስትለው ነውር ነው ይላታል። እሷም ጨዋነት መስሏት አደገች። እኛ ቤት ስትገባ ማዕድ ላይ ከደረሰች በሩን ተደግፋ ወደ ግቢው ታያለች፤ ብይ ሲሏት ነው የምትዞረው። እኔማ አስተዳደጓን አይቼ በልጆቼ ላይ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

ነገሩ የፈረሰው በደስታ ቀን ነው። ከእኛ ማዶ ያለችው ሰርካዲስ ሴቶች ብቻ ስትወልድ ኖራ ባለፈው ዓመት ወንድ አገኘችና ክርስትናውን ደገሰች። ትልቋ ልጇ ማስተዋል ከነፃነት ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሳህን በልተው ነው ያደጉት። በዚያ ቀን ሕፃኑን ታቅፋ የነበረችው ነፃነት ናት። በጦርነቱ ተፈናቅለው መጥተው ዘመዳቸው ቤት የተጠጉ እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ መነኩሴም ነበሩ። አግማስ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ትኩር ብለው አዩት።

"አንተ የባለ ወናፉ የኪዳኑ ልጅ አይደለህም?" አሉ። ቁርጥ አባትህን አሉት። እንደ አባቱ ያለ ማረሻ ሠሪ በአገሩ እንዳልተገኘ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ አራሹ ሁሉ መቸገሩን እያወሩ ተነሥተው ሳሙት። ሴትየዋ ክፉ አልነበሩም። አገር ለቆ የተበተነ ሰው የአገሩን ልጅ ሲያገኝ ማን ልጅ ነህ፣ ከየት ወገን ነህ ማለቱ የወሎ ሰው ወጉ ነው፤ አባት ጠርቶ ማመስገን ደግሞ ትልቁ ሰላምታ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ምን እንዳደረጉ ሳያውቁት ተቀመጡ።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሰርካዲስ ከጓዳ ብቅ ብላ ሕፃኑን ከነፃነት እጅ ወሰደችው። ጡት ሊጠባ ነው አለች። ጠብቶ ገና ከጡት መውረዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ በአንድ ብናገር ሰሚው ምን አለበት ይለኛል። እውነትም አንዱ ለብቻው ምንም አይደለም። ማስተዋል ምሳ ዕቃዋን ከፈት አድርጋ ነፃነት ስትመጣ መልሳ ትከድነዋለች፤ ቀዝቅዟል ትላለች። ነፃነት የጠጣችበትን ኩባያ የጎረቤት ልጅ አለቅልቃ ደግማ ታለቀልቀዋለች። አንዷ የክፍሏ ልጅ ደግሞ፣ አመሰገንኩ ብላ ነው መቼስ፣ "አንቺ ግን ቀይ ነሽ፣ ዓይንሽም ደህና ነው፣ ጠይብ አትመስዪም" አለቻት። ወንዶቹ ቀና ስትል ደብተር ፊታቸው ላይ ጋርደው ይሳሳቃሉ። ብትቆጣ ቀልድ ነው ይሏታል፤ ብታለቅስ ምን ተባልሽና ይሏታል። የሰው ልጅ በመርፌ ብቻ ቢወጋ ደም አይፈሰውም፤ ዕንቅልፍ ግን አይወስደውም።

ክረምቱ ሲገባ የሰርካዲስ ሕፃን ማሳል ጀመረ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚያ ወር ያላሳለ ልጅ የት አለ ይላል። እናቱ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረች።

አንድ ቀን ነፃነት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያለምወርቅ ልብስ ልታጥብ የደንብ ልብሷን ሹራብ አነሣች። ከጀርባው በታች በኩል፣ ጣት በምታህል ስፋት፣ ልቅም ተደርጎ በመቀስ ተቆርጧል። ሚስማር የቀደደውና መቀስ የቆረጠው ለጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አይጠፋትም። ምን እንደሆነም ወዲያው ገባት። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ሲኖር ከተጠረጠረው ሰው ልብስ ቁራጭ ወይም ከፀጉሩ ተሰርቆ ፍም ላይ ይጨሳል፤ በሽተኛው ጭሱን ሲምግ ቡዳው ይለቀዋል ይባላል። የእሷም እናት ቀሚስ በልጅነቷ እንዲሁ ሲቆረጥ አይታለች። ሹራቡን ማን እንደቆረጠውም ግልጽ ነው፤ ከጎኗ የምትቀመጠው የሕፃኑ እህት ማስተዋል ናት።

ያለምወርቅ ሹራቡን አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከውስጥ በኩል ክር በክር አያይዛ ቀዳዳው እንዳይታወቅ አድርጋ ጠገነችው። ለልጇም ለባሏም አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ያደገች ሴት ናት። ለእኔ ስትነግረኝ እንኳ ወደ አጥሩ ሥር እያየች ነበር። ልጅቷ ግን አውቃለች። መቀሱ ሲያልፍባት ሰምታ፣ ዞር ስትል የማስተዋልን እጅ አይታ፣ እሷም ዝም ብላለች። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ዝምታ ይዞ ይኖር ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጠፋች። ሰውነቷ አለ፤ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ከፊት ወንበር ተነሥታ መጨረሻ ረድፍ ግድግዳ ጥግ ገባች። ወደ ሰሌዳው አታይም፣ ወደ መምህር አታይም፣ እናቷን እንኳ ስታናግር ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው። ትምህርቷ ወደቀ። የክፍል ኃላፊዋ መምህር ወንድምአገኘሁ ደግ ሰው ነውና አባቷን አስጠርቶ፣ ልጅቷ ሰሌዳው ሳይታያት አይቀርም፣ ዓይኗን አስመርምርላት አለው። አግማስ መንገድ ላይ፣ አይታይሽም ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም፣ ይታየኛል፣ እንዳላይ ብዬ ነው አለችው።

እሱም ወደ ሐኪም ቤት መውሰዱን ትቶ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ አሳፈራት።

የሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጀሚል ፉል አስመጥቶ ይጠብቅ ነበር። ልጅቷ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ጀሚል ይህን አይቶ ነገሩ ገባው፤ የአግማስን ታሪክ ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። "አብሽሪ ልጄ፣ ዙሪና ብይ። አባትሽ እኔን ስበላ እያየኝ ስንት ዘመን አለፈ፤ ይኸው ወላሂ ከመወፈር በቀር ያገኘኝ ነገር የለም" አላት። ሆዱንም መታ መታ አደረገ። ልጅቷ ልትስቅ ሞከረችና ለቅሶ ሆነባት።

ጀሚል ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም ለአባቷ ያወጣችው። ስለ ምሳ ዕቃው፣ ስለ ኩባያው፣ ስለ ሹራቡ ነገረችው። የመጨረሻው ግን ይህ ነበር። በክርስትናው ቀን ሕፃኑን ታቅፋ ሳለ ማርያም ትጠብቀው ማለት ረስታለች። እንዴት ያምራል ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ነው የታመመው። ስለዚህ ሰው እንዳትጎዳ ዓይኗን ማንም ላይ አታሳርፍም።

አግማስ ምናልባት ዕድሜውን በሙሉ ሲሸሸው የኖረ ነገር ከልጁ አፍ ሲወጣ ሰማ። ዓይን ሰው አይበላም አላት። ውሸት ነው፣ አያትሽንም እኔንም የዋሹብን ነው አላት። እሷም ያልጠበቀውን መለሰችለት።

"ውሸት ከሆነ አንተ ለምን ሰው ሲበላ አትዪ አልከኝ?"

ያለምወርቅ እንደነገረችኝ፣ አግማስ የብየዳ መከላከያውን አንሥቶ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሣ። በኋላ፣ "ፈርቼ ነው" አላት። "እነሱ እንዳይነኩሽ ብዬ ቀድሜ እኔ ነካሁሽ።"

ከዚያ ስለ አያቷ ስለ ኪዳኑ ነገራት። ከአባቱ ሞት ወዲህ ስለ እሱ ሲያወራ የመጀመሪያው ነው። እንዴት አድርጎ ብረት በእሳት እንደሚያለዝብ፣ ማረሻው ድንጋይ ቢመታ እንኳ እንደማይዶለዱም፣ እጁ ሻካራ ሆኖ ልጆቹን ሲዳብስ ግን እንዴት ቀስ እንደሚል አወራላት። ጠይብ የሚለውን ቃልም አልዘለለውም፤ ስድብ ያደረጉት የእጅ ሙያ ስም ነው አላት። "አያትሽ ከሰርግ ዳስ ጥግ ያስቀመጧቸውን ሰዎች ዕድሜውን ሙሉ ሲያያቸው ኖሯል" አላት። "አንዱንም ራሱን አላመመው። ሁሉም ሸምግለው ነው የሞቱ።" ልጅቷ ሳቀች። በዚያች ቀን ከአባቷ ጋር ከአንድ ትሪ ፉል በላች፣ ሲበላም አየችው።

በማግስቱ አግማስ ሥራ አርፍዶ ትምህርት ቤት ሄደ። ሹራቡን ገልብጦ የተጠገነውን ለመምህር ወንድምአገኘሁ አሳየው። መምህሩ መጀመሪያ ልጆች ናቸው፣ ጨዋታ ነው ብሎ ነበር። አግማስ ልጄን ወደ ፊት ወንበሯ መልስልኝ፣ ደብተር የሚጋርዱትንም እኔን ጠርተህ ፊቴ አናግራቸው አለው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ እስከ በሩ ያደርሳታል፤ ማታ ሲመለስ ዛሬስ ምን አሉሽ ብሎ ይጠይቃታል። ትነግረዋለች። አንዳንዱን አብረው ይስቁበታል፣ አንዳንዱን አይሳቅበትም። ልጆቹ አልተለወጡም፤ ልዩነቱ ልጅቷ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። ወደ ሰሌዳውም ማየት ጀመረች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔም በወደድኩ። ሕፃኑ ሞተ።

ሆስፒታል የደረሰው ትንፋሹ ሊቆረጥ ሲል ነው። ሳንባ ምች ነው፣ ለምን ቀድማችሁ አላመጣችሁትም አሉ ሐኪሞቹ። ቀድመውማ በር ዘግተው እያጠኑት ነበር። የሚያስል ሕፃን፣ ሳንባው የታመመ ሕፃን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሹራብ ቁራጭ ጭስ ሲታጠን ሰነበተ። ሰርካዲስ ልጇን የምትወድ እናት ናት፤ ከእሷ በላይ የተቀጣም የለም፤ ግን ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም። ከሰፈሩ ሰው ጭሱ ያልሸተተው የለም። ክሩ ሲቃጠል ሽታው እኔም ግቢ ደርሷል።

ለሕፃን ድንኳን ብዙ ጊዜ አይተከልም። ለሰርካዲስ ግን ብቸኛ ወንድ ልጇ ነውና ዕድሩ ተከለላት። አግማስ ለቅሶ እንሄዳለን አለ፤ ልጅቷንም ይዘን አለ። ያለምወርቅ፣ ቤታቸው እየነደደ ነው፣ አንተ ቤንዚን ይዘህ ትሄዳለህ ወይ ብላ ተሟገተችው። ሰው ልጅቷ ላይ ቢጮህባትስ፣ ልጄን አላስደፍርም አለችው። እሱም ልጅቷ ትወስን አለ።

ነፃነት ነጠላ ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። "ካልሄድኩ ገደለችው ይላሉ" አለች። ቀጥላም፣ "እኔም እላለሁ" አለች። እናቷ ከዚህ በኋላ አልተከራከረችም።

እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ሦስቱ ሲገቡ ለቅሶው ዝም አለ። አግማስ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብሎ ለሰርካዲስ እጅ ነሣ። ሰርካዲስ ጭኗ ላይ የተኛችውን ትንሿን ልጇን ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነቻት። ቀስ ብላ ነው የሸፈነቻት፣ ከብርድ እንደምትከልላት። የገባው ሰው ሁሉ ግን አይቷል። ነፃነትም አይታለች።

አንድ ጥግ አግዳሚ ላይ ቦታ ተለቀቀላቸው። ከግራም ከቀኝም ያለው ሰው ፈቀቅ ፈቀቅ እያለ ሰፋ ያለ ቦታ ሆነላቸው። የንፍሮ ሳህን የያዘችው ልጅ ማስተዋል ነበረች፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረች እነሱ ጋ ስትደርስ ግራ ገባትና ሳህኑን አጠገባቸው አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ሄደች። አግማስ ሳህኑን አላየም። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱ እንደ ድሮው ታጥፎ፣ ጫማውን ብቻ ያይ ነበር። ልጁን እስከዚያ ያመጣትን ሰውዬ፣ ያ የእናቱ ቤት ግድግዳ እዚያው ተከትሎት መጥቶ ነበር መሰለኝ። እኔም ተስፋዬ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

ነፃነት እጇን አባቷ ጀርባ ላይ አደረገች።

"አባባ፣ ቀና በል" አለችው።

ጮኻ አይደለም የተናገረችው፤ ግን ዝም ባለ ድንኳን ውስጥ ነውና ሁላችንም ሰማን። አግማስ ቀና አለ። ራሱ በበየደው ብረት ሥር፣ ስንት ዓመት አብሮት የኖረውን የሰፈሩን ሰው ፊት በሙሉ ዓይኑ ሊያይ ቀና አለ። የሚያየው ፊት ግን አላገኘም፤ ድንኳን ሙሉ ሰው መሬት መሬት ያያል። አንዱ ፈርቶ ነው፣ አንዱ አፍሮ ነው፤ የእኔ የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ያለምወርቅ ከሳህኑ ንፍሮ ዘግና ለልጇ ሰጠቻት፣ ልጅቷም ቀና ብላ በላች።